«300 ቮልት ይሰጣል» ማለት ምን ማለት ነው? ለቲዩብ ማጉያና ለአሮጌ ሬዲዮ ፓወር ሰፕላይ ስለመምረጥ

ባለፈው ክረምት ነው። ደብረ ብርሃን ካፊያ ይጥላል፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። አንድ ወጣት በጋቢ የጠቀለለውን የሸክላ ማጫወቻ ተሸክሞ ወደ ሥራ ክፍሌ ገባ። የአያቱ ነው። ጋቢውን ሲገልጠው የቆየ እንጨትና የአቧራ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ከኪሱ ደግሞ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ ከፍ የምትል አረንጓዴ ሰሌዳ አወጣ።

«ጋሼ፣ የውስጡ ትራንስፎርመር ተቃጥሏል አሉኝ። ይቺ ግን ከ12 ቮልት ተነሥታ 300 ቮልት ትሰጣለች። እሷን ብቻ ይግጠሙልኝ።»

ገጠምን። ቲዩቦቹን ሳንሰካ መልቲሜትሩ 300 አሳየ። ልጁ ፈገግ አለ። ቲዩቦቹን ሰክተን እንደገና አበራን። ቲዩብ እስኪሞቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ለጥቂት ሴኮንድ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ የቲዩቦቹ ሆድ ብርቱካንማ ሆኖ መፍካት ጀመረ። 300 የነበረው 270 ሆነ። 230። 190። 170 ላይ ቆመ። ከስፒከሩ የታፈነ ድምፅ ወጣ።

«ዋሽተውኛል ማለት ነው?» አለኝ።

አልዋሹትም። ሰሌዳዋ 300 ቮልት አላት። ያልነገሩት ሌላውን ግማሽ ነው፦ ስንት ሚሊአምፔር ሲሳብ? እሱም አልጠየቀም። ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ነገሩን ከሥሩ ለማብራራት የተነሣሁት።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር። እዚህ የምንነጋገርበት ቮልት ሰው ይገድላል። ማንበብ ለሁሉም ይጠቅማል። ክዳን ከፍቶ እጅ መስደድ ግን ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆኖ ነው።

ቲዩብ ይህን ያህል ቮልት የሚፈልገው ለምንድን ነው?

ቲዩብ አየር የተመጠጠለት ብርጭቆ ነው። መልኩ አምፖል ይመስላል፤ ብዙ ሰውም «የሬዲዮ አምፖል» ይለዋል። ትራንዚስተር ከመምጣቱ በፊት ሬዲዮውም፣ ማጉያውም፣ የሸክላ ማጫወቻውም የሚሠራው በእሱ ነበር።

ውስጡ አንድ ትንሽ ምድጃ አለ። ማሞቂያ እንበለው። ማሞቂያው ካቶድ የሚባለውን ቀጭን ብረት ያግለዋል። ካቶዱ ሲግል ኤሌክትሮን ይለቃል። ፊት ለፊቱ አኖድ የሚባል ሌላ ብረት አለ። በመሃላቸው ሽቦ የለም፤ ባዶ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ያንን ባዶ ቦታ ተሻግረው አኖዱ ጋ እንዲደርሱ ከወዲያ ማዶ በብርቱ የሚስባቸው ነገር ይፈልጋሉ። ያ ሳቢ ከፍተኛው ቮልት ነው። ትራንዚስተር በ9 ቮልት ሥራውን ይሠራል። የቤት ሬዲዮ ቲዩብ ግን ብዙውን ጊዜ 250 አካባቢ ይጠይቃል። ትልልቆቹ የማጉያ ቲዩቦች ከ400 በላይ ይሄዳሉ።

በካቶዱና በአኖዱ መካከል ግሪድ የሚባል የሽቦ ወንፊት አለ። ከሸክላው መርፌ የመጣችው ትንሽ ምልክት እዚያ ላይ ትደርስና ትልቁን ፍሰት ትከፍታለች፤ ትዘጋለች። ማጉላት የሚባለው ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ ከስፒከሩ የሚወጣው ጉልበት ከሸክላው አልመጣም። ከፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም ለቲዩቦቹ ኤሌክትሪክ ከሚያቀርበው ክፍል ነው። ግሪዱ ቧንቧውን ይከፍታል፣ ይዘጋል እንጂ ውሃ አያመነጭም። ፓወር ሰፕላዩ ደካማ ከሆነ ቲዩቡ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ድምፁ ይደክማል፤ ፓወር ሰፕላዩ ከቆሸሸም ቆሻሻው ከሙዚቃው ጋር አብሮ ይወጣል።

ታዲያ አንድ ቮልት ብቻ ነው የሚፈለገው?

አይደለም፤ ሁለት ነው።

አንዱ የማሞቂያው ነው። ቮልቱ ትንሽ ነው፤ አምፔር ግን ይበላል። በብዙዎቹ ቲዩቦች 6.3 ቮልት ነው። ከ5.7 በታች ከወረደ ካቶዱ በደንብ አይግልም፤ ከ6.9 በላይ ከወጣ ደግሞ ቲዩቡ ዕድሜው ያጥራል። ሁለተኛው ለአኖድ የሚሄደው ከፍተኛ ቮልት ነው። ባለሙያዎች «ቢ ፕላስ» ይሉታል። ስሙ ሬዲዮ በባትሪ ብቻ ይሠራ ከነበረበት ዘመን የመጣ ነው። ያኔ የማሞቂያው ባትሪ «ኤ»፣ የአኖዱ ባትሪ «ቢ» ይባል ነበር።

የልጁ ሰሌዳ የምትሰጠው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ማሞቂያውን በዚያን ቀን ያገናኘሁት ከሌላ ቦታ ነበር።

የእኔ ዕቃ ስንት እንደሚፈልግ ከየት አውቃለሁ?

ከቲዩቡ ስም። ብርጭቆው ላይ ተጽፏል። ጽሑፉ በቀላሉ ስለሚለቅ ጠንክራችሁ አትጥረጉት።

በአውሮፓ ቲዩቦች የመጀመሪያዋ የላቲን ፊደል የማሞቂያውን ዓይነት ትናገራለች። «ኢ» ከሆነች 6.3 ቮልት ነው። «ዲ» ከሆነች 1.4 ቮልት፣ የባትሪ ሬዲዮ ነው። «ፒ» ወይም «ዩ» ከሆነች ማሞቂያዎቹ እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው በአንድ መስመር ይያያዛሉ፤ በ«ፒ» 300፣ በ«ዩ» 100 ሚሊአምፔር ያልፋል። «ዩ» ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

አሁን የልጁን ማጫወቻ እንቁጠር። ስቴሪዮ ነው። ሁለት ኢኤል84 እና አንድ ኢሲሲ83 አለው። ኢኤል84 በ250 ቮልት ሲሠራ አኖዱ 48 ሚሊአምፔር ይስባል፤ ስክሪን የሚባለው ሁለተኛው ወንፊት 5.5 ይጨምራል። ለአንዱ 53.5፣ ለሁለቱ 107 ማለት ነው። ኢሲሲ83 ትንሽ ነገር ነው፤ 2 ሚሊአምፔር ያህል እንበል። በድምሩ 110 ሚሊአምፔር ገደማ። በ250 ቮልት ሲሰላ 27.5 ዋት ይሆናል። ማሞቂያዎቹ ደግሞ 0.76 እና 0.76 እና 0.3፣ በድምሩ 1.82 አምፔር በ6.3 ቮልት።

ዕቃውን ለመምረጥ የሚያስፈልጋችሁ ይህ ነው። «250 ቮልት፣ 110 ሚሊአምፔር፤ 6.3 ቮልት፣ ከ1.8 አምፔር ትንሽ ከፍ ያለ።» ወረቀት ላይ ጻፉትና ሻጩ ጋ ሂዱ። «ለቲዩብ የሚሆን 300 ቮልት አለህ?» ብላችሁ አትሂዱ።

ለምን ቢባል፣ ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ አስቡት። ቮልት የሮቶው ከፍታ ነው። አምፔር በቧንቧው የሚወርደው ውሃ ነው። አንድ ቧንቧ ብቻ ስትከፍቱ ሻወሩ ይንፎለፎላል። ግቢው ውስጥ ሦስት ሰው እኩል ሲከፍት ሻወሩ ይንጠባጠባል። ሮቶው ከቦታው አልወረደም፤ ቧንቧው ቀጭን ነው። የልጁ ሰሌዳ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። ቲዩቦቹ ሲሞቁ ሦስቱም ቧንቧዎች ተከፈቱ።

ትራንስፎርመሩ ላይ 200 ተጽፎ ለምን 280 ይወጣል?

ይህ ብዙ ሰው የሚያሳስት ነጥብ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ከግድግዳ የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው፤ ኤሲ ይባላል። ቲዩብ የሚፈልገው ግን በአንድ አቅጣጫ የሚሄደውን፣ ዲሲውን ነው። መመላለሱን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዞረው ሬክቲፋየር ይባላል። አራት ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ወይም ለዚሁ የተሠራ ቲዩብ ሊሆን ይችላል። ከእሱ ቀጥሎ ካፓሲተር አለ፤ ኤሌክትሪኩን ያጠራቅማል።

«200 ቮልት ኤሲ» ስንል ቁጥሩ የማዕበሉ ጫፍ አይደለም፤ አማካይ ጉልበቱን የሚገልጽ ነው። ጫፉ ከዚያ በ1.414 ይበልጣል። ካፓሲተሩ የሚሞላው እስከ ጫፉ ነው። 200 በ1.414 ሲባዛ 283 ነው። ከዚያ መቀነስ እንጀምራለን። ዳዮዶቹ 2 ቮልት ያህል ይወስዳሉ። ትራንስፎርመሩ ሲጫነው 10 ያህል ይወርዳል። ቾክ የሚባለው ማጥሪያ 200 ኦም ቢሆን በ110 ሚሊአምፔር 22 ቮልት ይወስዳል። የሚተርፈው 250 ገደማ ነው። የፈለግነው እሱኑ ነው።

ተቃራኒውን ደግሞ እዩ። ማብሪያውን በተጫናችሁባት ቅጽበት ቲዩቦቹ አልሞቁም፤ የሚስብ የለም። በዚያ ላይ መስመሩ በ10 በመቶ ከፍ ያለበት ሰዓት ከሆነ 283ቱ 311 ይሆናል። ያልተጫነ ትራንስፎርመር ደግሞ ከተጻፈበት ጥቂት በመቶ ያልፋል። ወደ 340 ይጠጋል። ስለዚህ «250 ቮልት ነው የሚሠራው» ብሎ ባለ300 ቮልት ካፓሲተር የገጠመ ሰው ካፓሲተሩን አንድ ቀን ያፈነዳዋል። ባለ400 ወይም ባለ450 ይሁን።

ሬክቲፋየሩ ቲዩብ ከሆነ ይህ ችግር ይቀላል፤ እሱም ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ቮልቱን ቀስ አድርጎ ያመጣዋል። ግን አቅሙን እዩ። ኢዜድ80 የሚባለው ሬክቲፋየር ቲዩብ የሚችለው 90 ሚሊአምፔር ነው፤ ለእኛ 110 አይበቃም። ኢዜድ81 150 ይችላል። ከእነዚህ ቀጥሎ የሚገባው የመጀመሪያ ካፓሲተር ከ50 ማይክሮፋራድ (የካፓሲተር አቅም መለኪያ ነው) መብለጥ የለበትም። «ትልቅ ካፓሲተር ድምፅ ያሳምራል» ብሎ 220 የሰካ ሰው ቲዩቡን ያቃጥለዋል።

የትራንስፎርመሩን አምፔር ስትመርጡም አትሰስቱ። ካፓሲተሩ የሚሞላው በጫፏ አጭር ቅጽበት በጉርሻ በጉርሻ ስለሆነ ሽቦው ከዲሲው ይበልጥ ይደክማል። ለ110 ሚሊአምፔር ዲሲ፣ የ200 ሚሊአምፔር ኤሲ ጥቅል ይሻላል።

ያ «እምምም» የሚለው ድምፅ ከየት ይመጣል?

ከሬክቲፋየሩ የሚወጣው በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል እንጂ ለስላሳ አይደለም። በሴኮንድ 100 ጊዜ ይመጣል፣ ይሄዳል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው ይገባዋል። ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፤ ሲሄድ እየጎደለ ይቆያል። ካፓሲተሩ ሮቶ ነው። ትንሽ ከሆነ በሁለት ፈረቃ መሃል ብዙ ይጎድላል። ያ መጉደልና መሙላት በስፒከሩ «እምምም» ሆኖ ይሰማል።

በእኛ ምሳሌ 50 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብቻ ቢኖር ቮልቱ 22 ቮልት ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ይዋዥቃል። ብዙ ነው። ከእሱ ቀጥሎ 10 ሄንሪ ቾክና ሌላ 50 ማይክሮፋራድ ብንጨምር ግን መዋዠቁ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል። ሁለት መቶ ጊዜ ያህል ቀነሰ ማለት ነው።

ቾክ በብረት ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ነው። ባሕርዩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ነው፤ ለመነሣት ይከብደዋል፣ ከተነሣ ለመቆም ይከብደዋል። ስለዚህ ድንገተኛውን ግፊያ ይውጠዋል። በቾክ ፈንታ ሬዚስተር፣ ማለትም ፍሰቱን የሚገታ ትንሽ ዕቃ፣ ማድረግ ይቻላል፤ ርካሽ ነው። ግን ለዚያው ማጥራት የሚከፍለው ቮልት ብዙ ነው። የቆየ ዕቃ ውስጥ ቾክ ካገኛችሁ አትጣሉት። ብዙ ጊዜ ከተበላሸው ትራንስፎርመር ጋር አብሮ ይጣላል፤ ሳየው ያሳዝነኛል።

ግድግዳው ላይ 220 አለ። ለምን በቀጥታ አንወስደውም?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ሒሳብ የሚችል ነው። 220 በ1.414 ሲባዛ 311 ነው። ለቲዩብ የሚሆን ቮልት፣ ያለ ትራንስፎርመር፣ በአራት ዳዮድ ብቻ ይገኛል። በዚህ ሒሳብ ነው ሰው የሚሞተው።

ትራንስፎርመር ቮልት ከመቀየር ሌላ አንድ ሥራ አለው። ይለያል። የግድግዳው ሽቦና የዕቃው ሽቦ አይነካኩም፤ ኃይሉ የሚተላለፈው በማግኔት ነው። ትራንስፎርመሩን ስታወጡት የዕቃው ብረት ከመብራት መስመሩ ጋር ተገናኘ ማለት ነው። ባለ ሁለት ጥርስ ሶኪያችን ደግሞ ተገልብጦ ይገባል። ዛሬ ምንም ያላደረጋችሁ ብረት ነገ ተገልብጦ ሲሰካ ሙሉ 220 ይዞ ይጠብቃችኋል።

ከላይ «ዩ» ካያችሁ እጃችሁን ሰብስቡ ያልኩት ለዚህ ነው። እነዚያ ሬዲዮኖች ሲሠሩም ያለ መለያ ትራንስፎርመር ነው። ከእንጨቱ ሳጥን ውጭ የሚነካ ብረት እንዳይኖር ታስቦ ተሠርተዋል። የማስተካከያው ቁልፍ ከወደቀና ብረቱ ከተገለጠ ግን ያ ጥበቃ የለም። መለያ ትራንስፎርመር በመሃል ሳይገባ አትክፈቱት።

«ስታብላይዘር አለኝ» የሚል ሰው ሁልጊዜ አለ። ስታብላይዘር መዋዠቁን ይቀንሳል፤ ጥሩ ነው። ግን የቤት ስታብላይዘር በአብዛኛው አንዱ ጥቅል ለመግቢያም ለመውጫም የሚያገለግልበት ነው፤ አይለይም። ከአሜሪካ ለመጣ ዕቃ 220ውን ወደ 110 የሚያወርደውም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ዕቃ ሌላም ጣጣ አለው። ትራንስፎርመሩ ለ60 ሄርዝ የተሠራ ነው፤ በእኛ 50 ሄርዝ ይበልጥ ይግላል። ለአንድ ሰዓት ካበራችሁ በኋላ አጥፉና፣ ነቅላችሁ፣ በእጃችሁ ዳብሱት። እጅ የማያስቆይ ከሆነ አይበጅም።

የትኛውን ልምረጥ?

የዕቃው የራሱ ትራንስፎርመር ደህና ከሆነ፣ እሱን። ጥያቄ የለውም። ካፓሲተሮቹን ቀይሩ፤ ትራንስፎርመሩን አትንኩት። «ተቃጥሏል» ስትባሉም ቶሎ አትመኑ። ብዙ ጊዜ የተበላሸው ካፓሲተሩ ነው።

በእውነት ከተቃጠለ እንደገና ማስጠቅለል ይቻላል። ሽቦ የሚጠቀልል ጥሩ ባለሙያ ካገኛችሁ፣ የጻፋችሁትን ወረቀት ስጡት።

ሦስተኛው መንገድ እኔ ለልጁ ያደረግኩት ነው። ከ220 ወደ 12 የሚያወርድ ትራንስፎርመር በቀላሉ ይገኛል። ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ ታገናኛላችሁ። የመጀመሪያው 220ውን 12 ያደርገዋል። ሁለተኛው በግልባጭ ይገባና 12ቱን መልሶ ያወጣዋል። በመንገድ ስለሚባክን 220 አይመለስም፤ 195 አካባቢ ነው የሚሆነው። ለእኛ ደግሞ የሚስማማው እሱው ነው። ከግድግዳውም ተለይቷል። በመሃል ያለው 12 ቮልት ለማሞቂያ ያገለግላል፦ ሁለቱ ኢኤል84 ተከታትለው ሲያያዙ 12.6 ይፈልጋሉ፤ ኢሲሲ83 ደግሞ ብቻውን በ12.6 እንዲሠራ ሆኖ ነው የተሠራው። የመጀመሪያው ትራንስፎርመር የሁለቱንም ሸክም ስለሚሸከም ተለቅ ይበል፤ 80 ቮልት አምፔር ያህል። ለሁለተኛው 50 ይበቃል። ከመጀመሪያው በፊት ፊውዝ፣ የብረቱ ሳጥን ላይ የመሬት ሽቦ። እነዚህ አይታለፉም።

አረንጓዴዋ ሰሌዳስ? ቦታ አላት። መብራት በሌለበት፣ በሶላር ባትሪ ለሚሠራ ትንሽ ማጉያ ትጠቅማለች። ግን የምትሰጠውን ዋት ጠይቁ። 27.5 ዋት ለማውጣት ከ12 ቮልቱ 2.7 አምፔር ያህል ትበላለች፤ ማሞቂያውን ሳንቆጥር። ሌላው ነገር፣ እነዚህ ሰሌዳዎች በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ጊዜ እየበሩና እየጠፉ ነው የሚሠሩት። ያ ጩኸት ለጆሮ ባይሰማም ሬዲዮን ያውካል። ለማጉያ ይሁን፤ ለአጭርና ለመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ ግን አልመክርም።

የመንዝ አያቶች ሬዲዮ ለብቻው ነው። መብራት ባልነበረበት ዘመን የገባ፣ «ዲ» የሚጀምር ቲዩብ ያለው የባትሪ ሬዲዮ። 90 ቮልት ነው የሚፈልገው፤ የሚስበውም ጥቂት ሚሊአምፔር። አሥር ባለ9 ቮልት ባትሪ በተከታታይ ማያያዝ ይበቃዋል። ለማሞቂያው አንድ ትልቅ የባትሪ ድንጋይ። ሁለቱን ግን እንዳታለዋውጡ። 90ው ወደ ማሞቂያው ከገባ ቲዩቦቹ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ያልቃሉ፤ ምትካቸውም በቀላሉ አይገኝም።

ከሶኬት ነቅዬዋለሁ። አሁንስ ይይዛል?

ይይዛል።

የ17 ዓመት ልጅ ሳለሁ ከአጎቴ ጋር እሠራ ነበር። አንድ ትልቅ ሬዲዮ ነቅዬ፣ ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ግራ እጄ ብረቱን ይዟል። በቀኝ ጣቴ የካፓሲተሩን ጫፍ ነካሁ። ክንዴ ወደ ኋላ ተወረወረ፤ ክርኔ መደርደሪያውን መትቶ ሁለት ቲዩብ ወደቀና ተሰበረ። ግማሽ ሰዓት ያህል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አጎቴ አልተቆጣኝም። ቀኝ እጄን ይዞ ደረቴ ላይ አደረገና «በዚህ በኩል ነው ያለፈው» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የተከፈተ ዕቃ ስነካ ግራ እጄ ኪሴ ውስጥ ነው።

ካፓሲተር ሮቶ ነው ብያለሁ። ውሃው ስለተቋረጠ ሮቶው ባዶ አይሆንም። ማፍሰሻ ያስፈልገዋል። ማፍሰሻው ከካፓሲተሩ ጋር ጎን ለጎን የሚያያዝ ሬዚስተር ነው። በእኛ ምሳሌ ሁለቱ ካፓሲተሮች በድምሩ 100 ማይክሮፋራድ ናቸው። 220 ኪሎኦም፣ 2 ዋት የሆነ ሬዚስተር ብናደርግ ከ40 ሴኮንድ በኋላ ከ50 ቮልት በታች ይወርዳል። ዋጋው ከሻይ አይበልጥም። ተሠርቶ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ስትመርጡ ይህ መኖሩን ጠይቁ። ሻጩ ምን እንደሆነ ካላወቀ ሌላ ቦታ ሂዱ። ካለም ደግሞ አትመኑት፤ ሬዚስተር ይበጠሳል። ከመንካት በፊት በመልቲሜትር መለካት ነው።

ለዓመታት ዕቃ ቤት የቆየን ሬዲዮም በቀጥታ አትሰኩት። ካፓሲተሮቹ ደርቀዋል። የድሮውን ሽቦ አምፖል፣ ባለ60 ዋቱን፣ ከሬዲዮው ጋር በተከታታይ አያይዛችሁ አብሩት። አምፖሉ ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ እንዳለ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ፤ አጥፉት። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም።

ደጋና ቆላ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ይህን የሚያነሣ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። መንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ ከ3000 ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሙቀት ቶሎ አያነሣም፤ ስለዚህ ብርዱ ቢኖርም ትራንስፎርመሩን የሚያቀዘቅዘው አየር አነስተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ስስ አየር ብልጭታን በቀላሉ ያሳልፋል። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራባቸው የደኅንነት ደረጃዎች በአብዛኛው የሚያገለግሉት እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው። 3000 ላይ በሁለት ሽቦ መካከል ያለው የአየር ርቀት በ1.14 ይባዛል። 3 ሚሊሜትር ይበቃ የነበረው 3.4 ይሆናል ማለት ነው። ጥብቅብቅ ብላ የተሠራችው ሰሌዳ ለባሕር ጠረፍ ከተማ ተብላ የተሠራች ልትሆን ትችላለች። ሌሊቱን በቆፈን ያደረ ሬዲዮ ደግሞ ጠዋት እሳት በተቀጣጠለበት ክፍል ጤዛ ያነሣል። እስኪደርቅ አታብሩት።

ጣርማ በርን አልፋችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ከፍታው ወደ 1300 ሜትር ነው፤ ብልጭታው አያሰጋም፤ ሙቀቱ ግን ካፓሲተር ይበላል። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። እዚያ 85 ዲግሪ የተጻፈበትን ትታችሁ 105 የተጻፈበትን ግዙ፤ ከሬክቲፋየሩ ቲዩብም አርቁት።

ልጁ ማጫወቻውን ሊወስድ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሁለቱን ትራንስፎርመሮች በብረት ሳጥን አድርጌ ከእንጨቱ ሥር አስገብቼዋለሁ። አበራን። ወዲያው 310 አለ። ቲዩቦቹ ሞቁ፤ ወረደ፣ ወረደና 252 ላይ ቆመ። ማሞቂያው 12.2። የአያቱን ሸክላ አስቀመጠ። ስንሰማ ቆይተን መሸ፤ ጎረቤት ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሲጥድ ቁጥሩን ደግሜ አየሁት። 238፣ ማሞቂያው 11.5። ሸክላው ድምፁን ሳይቀይር እየዞረ ነበር።